ሁለተኛ አልከፍልም

ኅዳር 16፣ ፍኖተ ሰላም

የቤት ብድሩን ለምን እንደተከለከልሁ ዛሬ አወቅሁ። የቤት ማኅበሩ የብድር አማካሪ ወይዘሮ ስንዱ መዝገቤን አስወጥታ አነበበችልኝ። ድሮ አምስት ገበሬዎች ሆነን ለማዳበሪያ በቡድን ስንበደር ሰብሳቢው እኔ ነበርሁ። ጨርሰን ብንከፍልም መዝገቡ እስከ ዛሬ በእኔ ስም «ያልተከፈለ» ይላል።

አብረን ማዳበሪያውን ያበደረን ቢሮ ሄድን። ጸሐፊው፣ «አባባ፣ ትንሽ ብር ናት። ይክፈሏትና ቤትዎን ይያዙ» አለኝ።

«ትንሽ ከሆነች አንተ ክፈላት!» አልሁት።

ስንዱ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ የማረሚያ ማመልከቻ ጻፈችልኝ፤ አራቱ የቡድኑ ሰዎች ነገ መጥተው ይመሰክራሉ።

የቤቱ ምዝገባ ግን ዓርብ ይዘጋል፤ ማረሚያው እስከዚያ ላይደርስ ይችላል። አልከፍልም ማለቴ ትዕቢት ይሆን ብዬ ራሴን መረመርሁ። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ብትኖር «ክፈልና ገላግለን» ትለኝ ነበር ይሆናል። አልከፍልም። ሁለተኛ ከፍዬ፣ ዕዳ ካጅ ነኝ ብዬ ፈርሜ በገባሁበት ቤት እንዴት ብዬ ነው ጸሎት የማደርስ?