አሥራ አንደኛው መስመር፦ የአቶ ወንድምአገኝ ተክለብርሃን የሕይወት ታሪክ

አቶ ወንድምአገኝ ከአባታቸው ከአቶ ተክለብርሃን እንግዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የምሥራች ይመር በጥር ወር 1955 ዓ.ም. ደሴ ከተማ ተወለዱ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚያው ተምረው በአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ሆነው ተቀጠሩ። ስሙ ከተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ ካልተጻፈ ለገዛ አጎታቸውም ወንበር አይሰጡም ነበር ይባላል። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያወቅናቸው ሰዎች ይህን ለማመን አንቸገርም።

በ1984 ዓ.ም. ወይዘሮ ሉሊትን አግብተው በዓመቱ ልዩን ወለዱ። ወይዘሮ ሉሊት ሕፃኗ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አረፉ፤ ልዩም በአክስቷ ቤት አደገች። እዚህ አብዛኞቻችን ልዩን የምናውቃት የእህታቸው ልጅ ናት ተብለን ነው። አይደለችም፤ ልጃቸው ናት። ይህ ዛሬ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

የዲቪ ፎርም ሲያስሞሉ የሚሞላላቸው ሰው ላጤ ቶሎ ያልፋል፣ ልጅቷን በኋላ ትወስዳታለህ አላቸው። እንዳላቸው አደረጉ። ደረሳቸው። ቃለ መጠይቁ ላይ ልጅ አለህ ወይ ሲባሉ የለኝም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሎስ አንጀለስ ሲገቡ ልዩ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

አሥር ዓመት በመኪና ማቆሚያ ሠርተዋል። ጎማው መስመር የነካ እንደሆነ ባለመኪናውን ከምሳው አስነስተው እንደገና ፓርክ ያስደርጉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ወይዘሮ ታደለችን፣ የልዩን ነገር አስቀድመው ነግረዋቸው፣ አገቡ፤ በዓመቱም ሲሞን ተወለደ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ፓሳዴና ውስጥ ሚስተር ኤልሪክ የሚባሉ፣ ከባርቤዶስ የመጡ ጡረተኛ የመርከብ መካኒክ አዛውንት ለመንከባከብ ተቀጠሩ። ኋላ ሁላችንንም ያደከመን የክሪኬት ነገር የመጣው ከዚያ ነው። ክሪኬት አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰው ባላቸው ሁለት ቡድኖች መካከል ኳስ በጠፍጣፋ ዱላ የሚመታበት፣ አንዳንዴ አምስት ቀን የሚፈጅ፣ መሀል ላይ ለሻይ የሚቋረጥ ጨዋታ ነው። ሚስተር ኤልሪክ ድሮ የተደረጉ ግጥሚያዎችን ጠረጴዛ ላይ እንደገና ያጫውቱ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች በችሎታው ልክ የተዘጋጀ ካርድ አለው፤ ገጾቹ ላይ ቁጥር ያለባቸው ሁለት ዳይስ ይወረወራል፤ የወጣው ቁጥር ካርዱ ላይ ይታይና ውጤቱ ደብተር ላይ ይሰፍራል። የአዛውንቱ ዓይን ስለደከመ መወርወሩም መጻፉም የአቶ ወንድምአገኝ ሥራ ሆነ።

ደጋግመው የሚጫወቱት ግጥሚያ አንድ ነበር። አንደኛው ቡድን ተጫዋቹ ተጎድቶበት በአሥር ሰው ብቻ የመታበት፣ ደብተሩ ላይ አሥራ አንደኛው መስመር ባዶ የሚቀርበት። አንድ ቀን አቶ ወንድምአገኝ ከተጠባባቂዎቹ አንዱን እዚያ ብናስገባውስ ብለው ጠየቁ። ጨዋታው የሚጀመረው ሳንቲም ተወርውሮ ነውና ሚስተር ኤልሪክ፣ «ሳንቲሙ ከመወርወሩ በፊት ስሙ ያልተጻፈ ሰው ዱላ አይዝም» አሏቸው። አቶ ወንድምአገኝ ዳይሱን አስቀምጠው ተነሡ፤ ያን ቀን ንጹሑንም ዕቃ ሁለት ጊዜ አጠብኩት ብለው ነግረውናል።

ሚስተር ኤልሪክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያርፉ የጨዋታውን ሳጥን ለእሳቸው ተዉላቸው። ቁማር ጀመሩ ተብሎ ከቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ሽማግሌዎች ሊመክሯቸው ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ ያገኙት ዳይስ፣ ካርድ፣ እርሳስና ደብተር ብቻ ነው። አንደኛው ሽማግሌ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ወረወረ፤ እዚሁ ስላለ ስሙን አንጠራም።

ቅዳሜ ጠዋት ለልዩ ይደውሉ ነበር፤ ስልኩን ሲዘጉ ያንኑ ግጥሚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ፤ አንዱ ብዙ ሳምንት ይፈጃል። አንዴ የወደቀ ዳይስ ደግመው አይወረውሩም። ፍሪጅ ሥር ቢገባ እንኳ በደረታቸው ተኝተው፣ በስልክ መብራት፣ ባለበት ያነቡታል።

ልዩን ለማስመጣት ለማመልከት ሦስት ጠበቃ አማክረዋል። ሦስቱም ያ «የለኝም» ያሉት ቃል ከተነሣ የራሳቸው ወረቀት አደጋ ላይ ይወድቃል አሏቸው። ሞልተው የፈረሙት ማመልከቻ እስከ ዛሬ መሳቢያቸው ውስጥ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ደሴ መምህርት የሆነችው ልዩ ልታያቸው የጎብኚ ቪዛ ጠየቀች። ማንን ልትጎበኝ እንደሆነ ስትጠየቅ አባቴን አለች። የኤምባሲው መዝገብ ግን እኚህ ሰው ልጅ የላቸውም ይላል። ተከለከለች።

አቶ ወንድምአገኝ ይህን በስልክ በሰሙ በሦስተኛው ቀን ሲሞንን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ «ታሪኬ ሲጻፍ እህትህን ካንተ አስቀድማት። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ የለም» አሉት። ሲሞን እህት እንዳለው ያወቀው ያን ዕለት ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2025 በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አረፉ። ደብተራቸውን ስናየው ያን ግጥሚያ አርባ ሦስት ጊዜ ተጫውተውታል። ዘጠኝ ጊዜ አሥሩ ተጫዋቾች አሸንፈዋል። አሥራ አንደኛው መስመር በአርባ ሦስቱም ባዶ ነው።

የተዉት ቤተሰብ እንዳዘዙት እንዲህ ተጽፏል። የመጀመሪያ ልጃቸው ልዩ ወንድምአገኝ፣ ይህ ሲነበብ ደሴ ሆና በስልክ እየሰማች ያለች። ሁለተኛ ልጃቸው ሲሞን ወንድምአገኝ፣ ስልኩን የያዘላት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ታደለች፣ እና ልዩን ያሳደጉት እህታቸው።

ጌታ አንድም ስም በማይዘለልበት መዝገቡ ይቀበላቸው። ልዩ፣ አንቺንም ያጽናሽ።