ልክ ተወስዶ የተሰፋ የእምነት ቃል

ለተከበሩ ዋና መርማሪ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ እንቅልፍዎም እንደ አንደበትዎ ለስላሳ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። እኔ ከጨርቅ መጋዘኑ ፊት ለፊት ልብስ ሲሰፋ ኖሮ፣ መጋዘኑን አቃጥያለሁ ብሎ ስላመነልዎ ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ሰው ሚስት ነኝ። ይግባኙ ትናንት ውድቅ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ምስጋና እንጂ የማቀርበው አቤቱታ የለኝም።

አንደኛ፣ በጥፊ እንኳ ስላልነኩት አመሰግናለሁ። ካቴናውን ፈትተው፣ ሻይ አስመጥተው፣ አባባ እያሉ፣ ካመነ በገደብ ተለቆ በሳምንቱ ቤቱ እንደሚገባ፣ ከካደ ግን እዚያው እንደሚያረጅ በትሕትና አስረዱት። ምላስ አጥንት ባይኖረውም አጥንት ይሰብራል ሲባል እኔ እንዲያው ተረት ይመስለኝ ነበር። ካልታዘልኩ አላምንም ያለችው ሙሽራ ከባለቤቴ ብልህ ሆና ተገኘች።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። ባለቤቴ በአርባ ዓመት ሥራው ደንበኛው ደስ ሳይለው ልብስ አስረክቦ አያውቅም፤ ጠበበ ሲሉት ያሰፋል፣ ረዘመ ሲሉት ያሳጥራል። እርስዎንም እንደ ደንበኛ ቆጥሮ፣ ጌታዬ በየትኛው በር ገባሁ ልበል ብሎ ጠየቀዎት። በፊት በር ሲል ጥበቃው እዚያ ነበር አሉት፤ በጓሮ በር ሲል ተቆልፎ ነበር አሉት፤ በሦስተኛው ልኬት አጥር ዘለልኩ አለና ወደዱለት። ጉልበቱ በፔዳል ያለቀ፣ እኔ ካልደገፍኩት ከአልጋ የማይወርድ ሰው ነው።

ሦስተኛውን እንደ ሌሎቹ አሳምሬ ልጽፈው አልቻልኩም። በገዛ ፈቃዴ የሚለው ቃል ቅጹ ላይ አስቀድሞ የታተመ ነው፤ የሱ የሆነው ፊርማው ብቻ ነው። ሲፈርምም የጠየቀው መቼ እንደሚለቁት ነበር። ዕድሜው ስልሳ ስምንት ነው፤ ዘጠኙን ዓመት እንደማይጨርሰው እርስዎም እኔም እናውቃለን። ከፍቶኛል፣ ተስፋም የለኝም።

ቃልዎን አምና ሳምንቱን ሙሉ በር በሩን ስታይ የከረመች፣
ውለታዎን እስክትሞት የማትረሳ አክባሪዎ፣
የልብስ ሰፊው ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኔም ለማመን ዝግጁ ነኝ። እሱን የሚለቁልኝ ከሆነ መጋዘኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በገዛ ፈቃዴ። ቀኑንና ሰዓቱን እርስዎ ይሙሉበት፤ እኔም አጥር መዝለል ስለማልችል፣ በየትኛው በር እንደገባሁ ብቻ ይንገሩኝ።