ስለ ተወረሰው የባሕር ወንበዴዎች መጽሐፍ

ለተከበሩ ጓድ አብተው፣
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣
ናዝሬት

እንደምን ሰነበቱ? ስብሰባ ላይ ሲናገሩ የሚዘጋብዎት ጉሮሮዎ ተሻለው ወይ? እኛ፣ ስሙን በመጥራቴ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእርስዎ ጥበቃ ሥር ደኅና ነን፤ ከቤታችን የጎደለው አንድ ሰውና አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ ማንም ሰው ሳይፈራ ሂሱን ጽፎ በቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ እንዲለጥፍ በጋበዙን መሠረት፣ እኔ የምድር ባቡር ጡረተኛው መርዳሳ ጆቴ ይህችን ለጥፌአለሁ። ከእኔ ሌላ የለጠፈ ሰው ባለማየቴም ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚወድዎት ተረድቻለሁ።

ልጄ ፈይሳ በአሰብ መንገድ የሚሠራ የከባድ መኪና ሾፌር መሆኑን ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ከወደብ ሲመለስ፣ የውጭ አገር መርከበኛ የሰጠውን የሥዕል መጽሐፍ ለትንሿ ልጁ ለዘርፉ አመጣላት። በውስጡ ባለ እንጨት እግርና አንድ ዓይና ካፒቴን፣ ትከሻው ላይ የሚቀመጥ በቀቀን፣ ወርቅ ፍለጋ የሚዞሩ የባሕር ወንበዴዎች አሉ። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን የሚያነብ በቤታችን ስለሌለ ፈይሳ ሥዕሉን እያየ ታሪኩን ከራሱ ያወጣላት ነበር። ደንባቸው ከአሰብ በተመለሰ ቁጥር አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ እሱ ሳይመለስ የሚቀጥለውን መግለጥ ለእኔም ለእናቷም ክልክል ነበር። ባሕር ምንድን ነው ብትለው፣ ሶደሬ ያየሽው መዋኛ የወዲያ ዳርቻው ሲጠፋ ነው አላት። የመጨረሻው ገጽ ብቻ ሲቀራት መጽሐፉ በቀበሌው አጣሪ ኮሚቴ ይመረመራል ተብሎ ተወረሰ።

አንደኛ፣ አጣሪ ኮሚቴው ለዚህ ከባድ ጉዳይ ስለ ሰጠው ጊዜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የቦኖው ውሃ ከደረቀ ሰንብቷል፤ ስኳርም የቀበሌ ሱቃችንን መንገድ ረስታለች። ኮሚቴው ግን ይህን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ፣ ባለ ራስ ቅሉ ባንዲራ የየትኛው ኢምፔሪያሊስት አገር እንደሆነ፣ የካፒቴኑ የእንጨት እግርም በጦር ጉዳተኞቻችን ላይ ማላገጥ መሆን አለመሆኑን ሲከራከር ዋለ። በቀቀኑም የሰማውን ስለሚደግም ይጠርጠር ተብሏል አሉ። የሰማውን የሚደግም ሁሉ ቢጠረጠር በስብሰባችን ላይ ማን ይቀር ነበር?

ሁለተኛ፣ ኮሚቴው ይበልጥ የተቆጣው ወንበዴዎቹ እጅ እያወጡ ካፒቴናቸውን በሚመርጡበት ሥዕል ነው መባሉን ሰምቼ ነበር። እውነት አላቸው። እጃቸውን ያላወጡ ሁለት ሰዎች አሉ፤ በሚቀጥለውም ገጽ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጠው ምሳ ይበላሉ። እንዲህ ያለው ነገር ሕፃናትን እንደሚያበላሽ አሁን ገብቶኛል።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉ መቃጠሉን ጽሕፈት ቤትዎ ስለ ነገረን እጅ እንነሣለን። ሌላው የተወሰደብን ሁሉ የት እንደ ገባ የሚነግረን አልነበረም።

አራተኛ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጽሐፉን ከየት እንዳመጣ ሊጠይቁት ፈይሳን ለአምስት ደቂቃ ብቻ እንፈልግሃለን ብለው ወሰዱት። ሚስቱ አሁን ይመለሳል ብላ ምሳውን ከደነችው። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ዕድሜዬን በባቡር ጣቢያ የፈጀሁ ሰው ነኝና መዘግየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንዲህ የረዘመች አምስት ደቂቃ ግን አይቼ አላውቅም። ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠባ። ዘርፉ አባቷ አሰብ ያለ ይመስላታል፤ የከባድ መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ትሮጣለች። እኔ ሽማግሌውም ተከትያት እወጣለሁ። ይህችን አንዷን ያለ ምንም ፌዝ ነው የጻፍኳት።

ስለዚህ መጽሐፉ ይቅርብን፤ ተቃጥሏል ብለውናልና አንጠይቅም። የሚነግራትን ሰው ይመልሱልን። መጀመሪያም ከራሱ ነበርና የሚያወጣው፣ የመጨረሻውን ገጽ በባዶ እጁም ቢሆን ይነግራታል።

ከአንገት በላይ ባልሆነ አክብሮት፣ ሁልጊዜ እጁን በሰዓቱ የሚያወጣው የቀበሌዎ ነዋሪ፣ መርዳሳ ጆቴ። እኔንም ከፈለጉኝ ቤቴን ያውቁታል፤ ለአምስት ደቂቃ የሚሆነኝን ጋቢና ቅያሪ ልብስ ቋጥሬ በር ላይ አስቀምጫለሁ።

መስከረም ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ትናንት ትንሹ ልጅዎ አንድ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ ዱላ እንደ ጎራዴ ታጥቆ ወደ በራችን መጣና እነሱ ቤት ስላለው የወንበዴዎች መጽሐፍ ለዘርፉ አወራላት። የተቃጠለ መጽሐፍ ከአመዱ ተነሥቶ እርስዎ ቤት መግባቱ ሌላ የአብዮቱ ድል ነውና እንኳን ደስ አለዎት። የመጨረሻውን ገጽ ሊነግራት ሲጀምር ግን ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነችና፣ አባቴ ሲመጣ ነው አለችው። አባትሽ የት ነው ቢላት፣ አሰብ ብላው ወደ ቤት ሮጠች። ልጅዎ አላመናትም፤ ዞር ብሎ እኔን ጠየቀኝ። እኔም ማታ አባትህን ጠይቀው አልኩት። ሳይጠይቅዎት እንዳላደረ አውቃለሁ፤ ምን ብለው መለሱለት?