የጋሽ ባህሩ አስራ አራተኛ ሲኒ

ፊርዱ፣ ፖስትካርዷ ጠባብ ስለሆነች ሰላምታው መጨረሻ ላይ ይደርስሻል።

ትናንት አጎቴ ጋሽ ባህሩ ነጭ ሻይ ሊያስቀምሱኝ ኖርዝ ዮርክ የሚባል ሰፈር፣ ወደ አንዲት ታይዋናዊት ሴትዮ ሻይ ቤት ወሰዱኝ። ቀለሙ እኛ ሰፈር ብርጭቆ የሚለቀለቅበትን ውሃ ይመስላል፤ ሽታው ግን ማር ማር ይላል። ሲኒዋ የአሻንጉሊት ዕቃ ነው የምትመስለው። ችግሩ፣ እዚያ ቤት ባዶ ሲኒ ማለት «ጨምሪልኝ» ማለት ነው፤ ለጋሼ ደግሞ የቀረበላቸውን ማስተረፍ ነውር ነው። እሳቸው ይጨልጣሉ፤ ሴትየዋ ያንኑ ቅጠል እንደገና ዘፍዝፋ ትሞላለች። ዘጠነኛው ላይ ወንበራቸው ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ እንደኔ ሳይጠጡ ቢተዉት እኮ ታቆማለች።»

«ዝም በል! ወንድሜ እንዲህ ነው ያሳደገህ?»

አስራ አራተኛው ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ደፉ። በቃኝ ማለታቸው ነበር። ሴትየዋ ግን ሻይዋን ያደነቁላት መስሏት እንባዋ መጣ፤ ለክብራቸው ውዱን የቻይና ነጭ ሻይ ከፈተች! ጋሼ ወደ ሽንት ቤት በሩጫ። ተመልሰው አዲሱን ማንቆርቆሪያ ሲያዩ ወደኔ ገፋ አደረጉትና በእንግሊዝኛ «ልጁ ገና አልጠገበም» አሏት። ለኔ ደግሞ በአማርኛ፣ «ጠጣ፣ አታሰድበኝ!»

እናትሽን ሳሚልኝ፤ የሰፈሩን ልጆች በሙሉ ሰላም በይልኝ። ስመጣ የሚጠጣ ነገር እንዳታቀርቡልኝ።

ብሩኪ