የእማዬ እግር ወደ በሩ ነው

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ሰንብተሻል እትዬ? ባለቤትሽስ? ማካው ዝናቡ በርትቶባችሁ ይሆን? እኔ ደህና ነኝ፤ ተኝቼም የማይለቀኝ ድካም ነው እንጂ ሕመም የለብኝም።

አሁንም ሆንግ ኮንግን ሊጎበኙ ለሚመጡ እንግዶች የፌንግ ሹይን መግቢያ፣ ቤትና ዕቃን ከነፋስና ከውሃ መንገድ ጋር ማስማማትን፣ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዴ «ስትተኙ እግራችሁ ወደ በር አይሁን፤ እኛ ዘንድ እንደዚያ የሚወጣው ሬሳ ነው» ስል፣ አንዲት ብራዚላዊት አዛውንት እጃቸውን አውጥተው «የእርስዎ እናት እንዴት ነው የሚተኙት?» አሉኝ። ደንግጬ «በደንብ ነው» አልኩ። ዋሸሁ፣ እትዬ።

እማዬ ከወደቀች ወዲህ አረጋውያን መጦሪያ ናት፤ እግሯም ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ነው። «የፈረንጁን ሁሉ ቤት ታቃኛለሽ፣ እናትሽን ግን እንደ ሬሳ አጋድመሻል!» እያለች እንቅልፍ እምቢ አለች። አልጋው ይዙርልኝ ብዬ ኃላፊዋን ወይዘሮ ቾይን ብለምናት፣ «መምህርት፣ ስድስት አልጋ፣ አንድ በር! ለነፋስሽ መንገድ ስለቅ እኔ በየት ልለፍ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ክፍሉ እጅ አያዘረጋም።

እንግዶቹን «አልጋውን ማዞር ካልቻላችሁ መካከል ላይ መከለያ አቁሙ» እላቸዋለሁ። እሱንም የመድኃኒትና የምግብ ጋሪ ያግዳል ብለው ከለከሉኝ። ስለዚህ ከትምህርቱ ስወጣ በቀጥታ እሄድና ከግርጌዋ ወንበር ስቤ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ጋሪ ሲመጣ እነሳለሁ፣ ሲያልፍ እመለሳለሁ። ያኔ ብቻ ትተኛለች። ወገቤ አልቋል።

ማክሰኞ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ በአንቺ ስም ጠራችኝ። «መጣሽ?» አለች። «መጣሁ» አልኳት። ምን ልበላት? «በይ ሻይሽን አምጪው፣ እጠጣዋለሁ» አለችኝ።

በሠርግሽ ቀን ተንበርክከሽ ያቀረብሽላትን ሻይ፣ ትዳርሽን አልመርቅም ብላ፣ ሳትቀበልሽ ፊቷን ካዞረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቀዳሁላት፤ ሁለት ጉንጭ ጠጥታ ጽዋውን በሁለት እጇ መለሰችልኝ። ያንቺ ነውና ጻፍኩልሽ።

ሐኪሙ ያለኝን በወረቀት አላሰፍረውም። በጀልባ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፣ እትዬ። ስትገቢ እንደ ሩቅ ሰው አታልቅሺ፤ ለእሷ እስካሁን አጠገቧ ነበርሽ። ስለ እኔ ከጠየቀችሽም ክፉ አትመልሺላት። ትናንት ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ እግሯን ስዳብስ፣ «ያቺ ታናሽሽ ዛሬም ቀረች?» ብላ አዘነችልኝ።

ባሕሩ ጸጥ ብሎ ያሻግርሽ፤ ቤትሽን ሰላም አይለየው።

ታናሽ እህትሽ