ስለ ትርንጎው ቦታና ስለ ትንፋሼ

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤቴ ወይዘሮ ታክ ዮንሺል ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የሜንግ ዶክቹል ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። ቃሌን ላሳምር እንዳትል ከወዲሁ አስጠንቅቄያታለሁ።

ዛሬ በጨረቃ አቆጣጠር አሥረኛው ወር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓመተ ምሕረት፣ በኮሪያ፣ በጎሁንግ አገር፣ በገዛ ቤቴ ወለል ላይ ተቀምጬ እናገራለሁ። ሳንባዬ ደንድኗል፤ ልቡናዬ ግን የትናንቱ ነው። የሚጠራጠር ካለ የመንደሩን ውሾች ስም በየተራ ልጥራለት። ምስክሮቼ ይህችው ዮንሺልና የመንደራችን ሹም ፒዮ ቻንጊል ናቸው። ልጆቼ ኪቦምና ኦክቡን አጠገቤ አሉ፤ ወራሽ ምስክር አይሆንምና ዝም ብለው ይሰማሉ። ዝም ካሉ ነው።

ቤቱ ለበኩር ልጄ ለኪቦም ይሁን። ከሴኡል ተመልሶ እንደማይኖርበት አውቃለሁ፤ ቢሆንም የእናቱን የአኩሪ አተር ማሰሮዎች ከጓሮ እንዳያነሣ።

የነጭ ሽንኩርቱ ማሳ ለኦክቡን ይሁን። «ሴት ልጅ መሬት አትወርስም» የሚል ሽማግሌ ካለ፣ እሷ በጠራራ ፀሐይ ስትነቅል እሱ በየትኛው ጥላ ሥር እንደነበረ መጥቶ ይንገረኝ። ላሚቱም ከማሳው ጋር ትሂድ።

«ጋሽ ዶክቹል፣ እኔስ ለላሚቱ አልሆንም?» አለ ቻንጊል።

«አንተ ምስክር ነህ፤ አትመኝ!»

ድንበሬን የገፋው የአጎቴ ልጅ ቃሬዛዬን ልሸከም ብሎ ቢመጣ አይከልከል። ግን ከኋላ ይሁን፤ ከፊት ከያዘ መንገዱንም ወደ ራሱ ይስበዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የከተማው ሐኪም፣ አንድ ቀን ትንፋሽ እንደሚያጥረኝ፣ ያን ጊዜ በጉሮሮዬ ቱቦ አስገብተው በማሽን ሊያስተነፍሱኝ እንደሚችሉ ነግሮናል። ከዚያች ቀን ወዲህ ልጆቼ ሰላም የላቸውም። ዛሬ ጠዋትም ጀመሩ።

«አባባ፣ ማሽኑ ይቅር ብዬ ሰው ምን ይለኛል? አባቱን ገደለ ነው የሚለኝ! ነፍስን የሰጠ እሱ ራሱ ይውሰድ» አለ ኪቦም። ኪቦም በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ በዓመት ሁለቴ ብቅ እያልክ ነው ስለ ነፍስ የምታስተምረን?» አለችው ኦክቡን። ኦክቡን በአረጋውያን ሆስፒታል በሽተኛ ታስታምማለች። «በሽተኞቹ ቱቦውን እንዳይነቅሉ እጃቸው ታስሮ አይተህ ታውቃለህ? እኔ ነኝ የማጥባቸው!»

ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለዚህ ከብዙ ዓመት በፊት በእናታቸው በጄሶን ያየሁትን ላስጽፍ። ኪቦም ያኔ በዓረብ በረሃ መንገድ ይሠራ ነበርና አላየም።

ጄሶን ደም በአንጎሏ ፈሶ ማሳው ውስጥ ወደቀች። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ፣ ከቤቷ ውጭ ሞታ ነፍሷ እንዳትንከራተት፣ በዘመኑ ልማድ ወደ ቤት እንድንወስዳት ፈቀዱ። ቱቦው በጉሮሮዋ እንዳለ፣ አንድ ወጣት ሐኪም አምቡላንሱ ውስጥ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን የጎማ ከረጢት በእጁ እየጨመቀ ያስተነፍሳት ነበር። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ስንደርስ ግን መኪናው አዞረው። ሊያስመልሰው ሲል ከረጢቱን በእጄ ጣለና፣ «አባቴ፣ እርስዎ በተነፈሱ ቁጥር ይጭመቁ!» አለኝ።

ጨመቅሁ፤ ደረቷ ተነሣ። ለቀቅሁ፤ ወረደ። በሬ የገራሁበት ይህ እጅ የሰማይን ሥራ ያዘ። የእሷ ትንፋሽ ከእኔ ትንፋሽ ጋር አንድ ሆነ። ባሕሩ በማዕበል ሲነሣ እንኳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ፍርሃቱ የሞት አልነበረም፤ አንዳች ታላቅ ነገር ከበላዬ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ እጄን የሚመለከት መሰለኝ።

ቤት አድርሰን፣ ከሥሩ የምድጃው እሳት በሚያሞቀው የወለሉ በኩል አስተኛናት። ሐኪሙ ከነጫማው ገብቶ ቱቦውን አወጣ፤ እኔም እጄን ሰበሰብሁ። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ጄሶን ግን ተነፈሰች። ማንም ሳይጨምቅላት ተነፈሰች! ለቅሶው ጸጥ አለ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ደጃፉ ላይ ጫማውን አውልቆ ተመለሰና በጉልበቱ ተቀመጠ። ኦክቡን ከፑሳን ጫማ ፋብሪካ በአውቶቡስ መጥታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጇን እስክትይዛት ድረስ እናቷ ተነፈሰች። ከዚያ በራሷ ጊዜ አቆመች።

እኔ አላቆየኋትም፤ እኔም አላስቆምኳትም። ይህን ያየ ሰው «ገደለ»፣ «አዳነ» እያለ በቃል አይጫወትም።

ስለዚህ አዝዣለሁ፤ በጉሮሮዬ ቱቦ አይግባ። ውኃ ግን ከከንፈሬ አይጥፋ። ልጆቼ ሳይደርሱ አስገብተውት ቢገኝ፣ ሁለቱ በአንድ ቃል ያስወጡልኝና ወደዚህ ቤት ያምጡኝ። ከዚያ በኋላ የምተነፍሰውን ያህል እተነፍሳለሁ፤ ልኩን የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ጋሽ ዶክቹል፣ ይሄ እኮ በኑዛዜ አይጻፍም፤ ጤና ጣቢያው የራሱ ወረቀት አለው» አለኝ ቻንጊል።

ነገ ይውሰደኝ፣ እዚያም አውራ ጣቴን አሳርፋለሁ። በሕግ ባይጸና በልጆቼ ልብ ይጽና። ጻፊ ብያለሁ፣ ጻፊ።

የትርንጎው ቦታ ለሁለቱም እኩል ይሁን። ነገር ግን ከሞትኩ በኋላ አንዱ ሌላውን «አባታችንን ገደልክ» ወይም «አሰቃየህ» ያለ እንደሆነ፣ ድርሻው ለተሰደበው ይለፍ።

«ይሄማ አፍ ማሰር ነው!» አለ ኪቦም።

«አዎን! በትርንጎ ነው የምለጉምህ።»

«እንግዲያው እንዳልተስማማሁ ይጻፍልኝ።»

ይጻፍለት፤ ኪቦም አልተስማማም። እልኸኝነቱን ከእኔ በቀር ከማን ሊወርስ ኖሯል? ይህን ብሎ ወጣ፤ ደጃፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል።

ይህ ተነብቦ ሲያበቃ እኔ አውራ ጣቴን በቀይ ቀለም አሳርፋለሁ፤ ምስክሮቹ ፒዮ ቻንጊልና ታክ ዮንሺልም ማኅተማቸውን ያደርጋሉ። በይ፣ ዮንሺል፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ። ጮክ በይ እንጂ፤ በሩ ወረቀት የተለጠፈበት ፍርግርግ ነው፣ ውጭ ላለውም ይሰማል።