ኪሴ ውስጥ የነበሩት ብረቶች

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለልጄ ለቅንጣቴ፤

እንደምን አለሽልኝ? «ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ብዕሬን ሳነሳ እናትሽ ከጀርባዬ ቆማ ኖሮ «እሷን ቃል ዛሬ እንዳትጽፋት» አለችኝ። ስለዚህ ተውኳት። ናፍቀሽኛል ብዬ ልጀምር፤ ይህንን እንኳን ማንም አይከለክለኝም።

በየቀኑ ጠዋት የምትደውዪለት ሰው ምን ነክቶት ደብዳቤ ይጽፋል ትዪ ይሆናል። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ቀን ሞከርኩ። «አባባ፣ ዛሬ ስንት ነህ?» ስትዪኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ከማክሰኞ ጀምሮ «ሚዛኑ ተበላሽቷል» ያልኩሽም ውሸት ነው። ሚዛኑ ምንም አልሆነ። ወረቀት ድምፅ የለውም፣ ስትደነግጪ አይሰማኝም፤ ለዚህ ነው በወረቀት ያደረግኩት። እናትሽ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

እስቲ ከመጀመሪያው ልያዘው፤ የምታውቂውን ብደግምብሽም ታገሺኝ። ለአንጀቴ ካንሰር የታዘዘልኝን የመጀመሪያ ዙር መድኃኒት ስጨርስ ሐኪሙ የሦስት ወር ዕረፍት ሰጠኝ። ያኔ ነው አንቺ ስለዚያ አመጋገብ አንብበሽ የደወልሽልኝ። ዳቦ የለ፣ ሩዝ የለ፣ ድንች የለ፣ ስኳር የሚባል ነገር በደጅ አያልፍም። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ጎመን፣ አቮካዶ፣ ለውዝ ብቻ። ሠላሳ አራት ዓመት ዳቦ የጋገረን ሰው ዳቦ ተው ስትዪው ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅሽኝ። ሁለት ነገርም ቃል አስገባሽኝ። አንደኛው ሐኪሙን አስቀድሜ እንድጠይቅ ነው። ሁለተኛው በየቀኑ እንድመዘንና ከሁለት ኪሎ በላይ ከቀነስኩ በዚያው ቀን እንድንተወው ነው።

ሐኪሙን ጠየቅኩት፣ እሺ አለኝ ብዬሻለሁ። አልጠየቅኩትም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የዋሸሁሽ። አይሆንም ቢለኝ ምን ብዬ እነግርሻለሁ ብዬ ፈራሁ።

የሱቁን የዱቄት ሚዛን ታስታውሺው የለ? ስትወለጂ ከሁለት ዳቦ አትበልጪም ነበርና ነርሷን አላምን ብዬ እዚያው ላይ መዝኜሻለሁ። ቅንጣቴ የተባልሽውም ያን ቀን ነው። እኔም ጠዋት ጠዋት እሱ ላይ እወጣና መርፌው ሲረጋ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ወዲያው ስልኩ ይጠራል። አንቺ እዚያ ባሕር ማዶ፣ ከአውቶቡስ መጠበቂያው ነሽ። የመኪና ፍሬን፣ የሰው ጫማ፣ አንዳንዴ የማላውቀው ወፍ ይሰማኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ያንን መንገድ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ጥግ ላይ ስትታጠፊ እታጠፋለሁ፣ ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽሽን እቆጥራለሁ። «ጎበዝ አባባ» ስትዪኝ ልቤ ቅቤ ይጠጣል። ከመታመሜ በፊት በወር አንዴ ነበር የምትደውዪው። ወቀሳ አይደለም፤ ሥራ አለሽ።

መጀመሪያ ላይ አመጋገቡ ተስማምቶኝ ነበር፣ እውነቱን ልናገር። እናትሽ እንቁላሉን በማላውቀው መልክ ሁሉ እየሠራች አስገርማኛለች። «ይኸው ያንተ ሳር» እያለች ጎመኑን ስትደረድርልኝ ስቄ እበላለሁ። ሰውነቴ ቀለለኝ። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ሄጄ የዱቄት ጆንያ ላይ ጋደም ስል፣ በመስኮቱ የገባው ብርሃን ውስጥ ዱቄቱ ሲንሳፈፍ እያየሁ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል።

ሕልሜ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሰፈራችን ሁሉ ዳቦ ሆኗል። ግድግዳው ከምድጃ አሁን እንደወጣ ይሞቃል፣ አስፋልቱ ኩፍ ብሎ ከእግሬ በታች ቀስ እያለ ይሰረጉዳል። እኔ በመሃሉ እሄዳለሁ፤ ቁራሽ አልነካም፣ ሽታው ብቻ ያጠግበኛል። ከዚያ እግሬ ከመሬት ይለቃል። ሳልፈራ፣ ሳልቸኩል፣ በጣሪያችን ላይ ከፍ እላለሁ። እናትሽ ከታች ፎጣ እያውለበለበች «ውረድ እንጂ ሰውዬ፣ እንቁላሉ ቀዘቀዘ» ትለኛለች። መውረድ ግን አልችልም። ስነቃ ደስ ይለኝ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን ያ ከፍታ ያስፈራኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት መርፌው ስልሳ ስምንት ላይ ቆመ። ከሰባ አንድ ነው የጀመርኩት፤ ሦስት ኪሎ ጠፍቷል። ፎቶውን ብልክልሽ ያን ቀን አመጋገቡ ይቆማል። አመጋገቡ ከቆመ ቁጥር የለም። ቁጥር ከሌለ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ምን ብለሽ ትደውያለሽ? እንዲህ እያሰብኩ እጄ ከመደርደሪያው ላይ ሊጥ የምንመዝንበትን የሁለት ኪሎ ብረት አንስቶ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተው። በዚያ ሚዛን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የማንንም ዳቦ አጉድዬ አላውቅም። ያጭበረበርኩት የገዛ ልጄን ነው።

ከዚያማ ለመደብኝ። ሌላ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ፣ ቀጥሎ በደረት ኪሴ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ኪሎ። ብረቶቹ ሲከብዱኝ ደስ ይለኝ ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ? ኮቴን ለብሼ ጆንያው ላይ ስተኛ በሕልሜም መሬት ላይ እቆማለሁ። ያ ዝምተኛው አቡኪያችን፣ በሳምንት አንድ ቃል የማይወጣው፣ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ብረቶቹ እግር አወጡ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሊጥ የሚመዝንበት አጥቶ ነው። አይጥ ይሆናል አልኩት። እሱም የእኔን ኮት አየና ወደ ሊጡ ተመለሰ።

ሰኞ ዕረፍቴ አልቆ ሁለተኛውን ዙር ልጀምር ከእናትሽ ጋር ሆስፒታል ሄድን። ከሱቅ በቀጥታ ነው የሄድኩት፤ ኪሴን ረስቼዋለሁ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ወለሉ ውኃ የተኛበት ይመስላል፣ እኔም በሕልሜ እንደምሄደው ነው የሄድኩት። ነርሷ ሚዛን ላይ አወጣችኝና «ሰባ» ብላ ልትጽፍ ስትል ፊቴን አየች። ደግማ አየችኝ።

«አባባ፣ እስቲ ኮትዎን ያውልቁልኝ።»

«ብርድ ነው ልጄ፣ ይቅርብኝ።»

«ግድ የለም፣ ለደቂቃ ነው።»

አውልቄ ስሰጣት ክንዷ ወረደ። ኮቱ ከእጇ አመለጠና ወለሉን ሲመታ ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየን። አንዱ ብረት ተንከባሎ እናትሽ እግር ሥር ቆመ። አነሳችው፣ ገለበጠችው። እሷ ያንን ብረት ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ በየሳምንቱ በአመድ የምትፈትገው እሷ ናት።

«የሱቃችን ነው» አለቻት ለነርሷ። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ብረቱን እንዳቀፈች አለቀሰች። እኔ በሸሚዝ ቆሜያለሁ። መርፌው ስልሳ አራት ይላል።

ነርሷ አልተቆጣችም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መድኃኒቱ የሚለካው በሰው ክብደት ነው አለችኝ። «እኛ ለሰባ ኪሎ ሰው አዘጋጅተን ብንሰጥዎት ኖሮ» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። አንቺን ያታለልኩ ሲመስለኝ ለራሴ መርዝ እየመዘንኩ ነበር።

ከዚያ ወደ ምግብ ባለሙያዋ ላኩኝ። ወጣት ናት፣ ያንቺ እኩያ። ሁሉን ነገርኳት። አንቺን አልኮነነችም፣ ይህን በደንብ አንብቢው። ይህን አመጋገብ ከሐኪም ጋር እየተመካከሩ የሚሞክሩት ታማሚዎች አሉ አለችኝ፤ ካንሰርን ያድናል የሚል ማረጋገጫ ግን እስካሁን አላየችም። ስኳር ብንተውም ሰውነት የሚፈልገውን ስኳር ራሱ ይሠራል አለችኝ። «ለእርስዎ አሁን ትልቁ ጠላት መክሳቱ ነው። መድኃኒቱን ለመጀመር ቢያንስ ሦስት ኪሎ ይጨምሩልኝ፤ የአንድ ወር ጊዜ አለን። ምን ይወዳሉ?»

«ዳቦ» አልኳት፣ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው።

«ታዲያ ይብሉ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ።»

ይኸው ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ዳቦ አልበላሁም። ያ ዝምተኛው አቡኪ ማክሰኞ ዕለት ትኩስ ዳቦ ራሱ ይዞልኝ መጣ። እናትሽ ቆርሳ ሰጠችኝ። አፌ ውስጥ ገባ፣ ጣዕሙን አወቅኩት፣ መዋጥ ግን አቃተኝ። ከጀርባሽ የምሰርቅ መሰለኝ። አንቺ እዚያ ማዶ ሆነሽ «ጎበዝ አባባ» እያልሽ፣ እኔ እዚህ እንዴት ብዬ ልዋጠው? እናትሽ «እንግዲያው ጻፍላት፤ ወይ ትጽፋለህ ወይ እኔ እደውላለሁ» አለችኝ። ስለዚህ ይህንን እንደጨረስኩ እበላለሁ። እሷ ከፊቴ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው፤ ይህችን እስክጽፍም ሁለት ጊዜ ሰዓት አይታለች።

በራስሽ እንዳትፈርጂ፣ አደራ። አንቺ ያልሽው ሌላ፣ እኔ ያደረግኩት ሌላ። ሐኪሙን ጠይቅ አልሽኝ፣ አልጠየቅኩም። ከቀነስክ ተው አልሽኝ፣ ብረት ጨመርኩበት። ሰው ሁሉ ከካንሰር ጋር ሲታገል እኔ ከሚዛን ጋር ስታገል ከረምኩ።

ያፈርኩበትን ደግሞ ልንገርሽ። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ስናወራ አንቺ እንዴት ነሽ ብዬሽ አላውቅም። ቁጥሬን ነግሬሽ፣ ሙገሳዬን ተቀብዬ እዘጋለሁ። እሑድ ዕለት በስልክ መልክሽን ያየች እናትሽ «የአንገቷ አጥንት ወጥቷል፤ እሷም አብራህ ዳቦውን ሁሉ ትታለች» አለችኝ። እኔ አላስተዋልኩም፤ የምሰማው ስለ እኔ የምትዪውን ብቻ ነበር። አባባ ብቻውን አይሁን ብለሽ የተውሽው ምግብ ካለ፣ ዛሬውኑ ብዪ። እንደ እኔ ኮት እየደረብሽ እንዳታታልዪኝ፤ ይህን ሙያ ከእኔ አትውረሺ።

ነገ ጠዋት ፎቶ አይመጣልሽም። ያለ ቁጥር፣ ያለ ምክንያት ደውዪልኝ። ስለዚያች ወፍ ንገሪኝ፣ ምን ዓይነት ናት? ደረጃው ስንት ነው? እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ አፌ ውስጥ ዳቦ ይኖራል።

የምትሄጅበት ይቅናሽ፣ እጅሽ የያዘው ይባረክ፣ ደግ ሰው ይግጠምሽ። ከዕድሜዬ የቀረው ሁሉ ላንቺ ይሁን። አይ፣ ይህችን ሰርዢያት፤ እናትሽ ከትከሻዬ በላይ አንብባ ተቆጣችኝ። ሁሉንም አልሰጥሽም። እስክትመጪ የሚበቃኝን ለራሴ አስቀርቻለሁ።

አባትሽ